«ዘንድሮ በዓሉን እቤታችን ነን»

 

በዓል ሲቃረብ ኢንቦክሴ በሁለት ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። አንደኛው «ዶክተር፣ ከጾም በኋላ ሆዴ እንዳይታመም ምን ላድርግ?» የሚል ነው። እሱን ደጋግሜ ጽፌበታለሁ፦ በትንሹ ጀምሩ፣ ቅባቱን ቀስ እያላችሁ፣ ጥሬ ሥጋውን ተዉት፣ አለቀ። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። «እናቴ ከሆስፒታል ከወጣች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ለበዓል ክፍለ ሀገር መሄድ ትችላለች?» «የሃያ ቀን አራስ ነኝ፣ አማቶቼ ጋ ሕፃኑን ይዤ ልሂድ?» ጥያቄው የሕክምና ይመስላል። ከሥሩ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ብቀር ምን ይሉኛል?»

እስከ 2017 ፋሲካ ድረስ መልሴ አጭር ነበር። «ባትሄዱ ይሻላል» ብዬ እዘጋው ነበር። ከዚያ ጥያቄው የራሴ ቤት ገባ።

የአባዬን ነገር ላጫውታችሁ። (አስፈቅጄው ነው። «ሰው የሚማርበት ከሆነ ጻፊው፣ ፎቶዬን ግን እንዳታወጪ» ብሏል።)

አባዬ ደም ግፊት እንዳለበት የታወቀው እኔ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ነው። መድኃኒቱን «ሲያመኝ» እያለ የሚወስድ ሰው ነበር። ደም ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ተንኮሉም እሱ ነው። መጋቢት መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ከእንቅልፉ ተነሳ። ጋደም ሲል ይታፈናል፣ ቁጭ ሲል ይሻለዋል። እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ብሎታል። ለካስ ከሳምንት በፊት ጀምሮ በሦስት ትራስ ተደግፎ ነው የሚያድረው፤ እኔ ሐኪሟ ልጁ አንድ ጣሪያ ሥር እያደርኩ አላየሁም። ልብ ድካም ነበር። ስምንት ቀን ተኝቶ ሲታከም 6 ኪሎ ቀነሰ። የቀነሰው ስብ እንዳይመስላችሁ፣ ውሃ ነው። ሚያዝያ 1 ወጣ። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር።

የእኛ ቤት ፋሲካ ሁልጊዜ ደብረ ብርሃን ነው፣ አያቴ ጋ። እምዬ ነው የምንላቸው። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አማች፣ የክርስትና ልጅ ተሰብስቦ ሠላሳ ሰው እንሆናለን። አባዬ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ የዶሮዋ ፈረሰኛ የእሱ ናት። አያቴ ያን ድርሻ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። እንዳልሄድ ብሎ ነገር እኛ ቤት ተነስቶም አያውቅም።

አሁን ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። የፋሲካ ዕለት ዲዩቲ የገባችሁ የሙያ አጋሮቼ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ድንገተኛ ክፍሉ ጭር ይላል፤ ሌሊት ሲፈስክ ያደረው ሰው ተኝቷል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን በሩ አይዘጋም። ሆዱን የያዘ፣ የሰከረና የተፈነከተ፣ ስኳሩ ጣሪያ የነካ፣ ሪሁ ተነስቶበት አውራ ጣቱን አንሶላ ሲነካው የሚጮህ። ኢንተርን ሳለሁ አንድ አባት በልጆቻቸው ተደግፈው ገቡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። ልጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጣ «ጠዋት እኮ ደህና ነበሩ፣ በደንብ በልተው ነበር» ትላለች። «በደንብ በልተው ነበር» የሚለው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የልብ ድካም ታካሚ ናቸው፤ በዓሉን ልጆቻቸው ጋ ሊውሉ ከክፍለ ሀገር የመጡ። መድኃኒትዎስ? አገር ቤት፣ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። በኦክስጅንና በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት እኩለ ሌሊት ላይ ጋደም ማለት ቻሉ። እሳቸው ዳኑ። ሁሉም አይድንም።

ብዙ ሰው ጉዳዩን «አትብላ፣ አትጠጣ» አድርጎ ነው የሚያስበው። ምግቡ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ልብ ሲደክም ሰውነት ጨውንና ውሃን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ የሚመክረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ። የእኛ በርበሬ ደግሞ ገና ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮውም እንደዚያው። ወጡ ሲወጣ ሌላ ጨው ይጨመራል። ዳቦውም ጨው አለው። ሰውየው «ጨው አልነካሁም» ሲል እውነቱን ነው፣ ግን በልቷል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባዬ የሚወስደው ፉሮሴማይድ (ብዙዎቻችሁ ላሲክስ በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ) ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው፤ በተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምርና እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ያመላልሳል። አውቶቡስ ላይ ማን ይውጠዋል? ታካሚዎች ይህን መድኃኒት የሚዘሉት አብዛኛውን ጊዜ በስንፍና አይደለም፤ «ሹፌር አቁምልኝ» ማለት አፍረው ነው። ስንደርስ ደግሞ ፍራሹ መሬት ላይ ተደርድሯል። ሠላሳ ሰው በሚተኛበት ቤት ሦስት ትራስ ማን ይጠይቃል? ጠዋት «ጀርባዬን ያዘኝ» ሲል አንዷ አክስቴ ከቦርሳዋ ዳይክሎፌናክ አውጥታ ትሰጠዋለች፤ በቅን ልብ ነው የምትሰጠው። እነ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን የልብ ድካም ላለበት ሰው ውሃ የሚያስይዙ፣ ኩላሊትም የሚጎዱ ናቸው። ጠላው፣ ጠጁ፣ አረቄው ሲጨመርበት አስቡት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «በሞቴ» ነው። ጨውን በሚዛን መለካት ይቻላል፤ የሰማንያ ዓመት እናት ጉርሻ ጠቅልላ «በሞቴ» ስትል እምቢ የሚል ልጅ ግን እኔ አላየሁም። አባዬን ስለማውቀው አይመልስም። አንዱን ከጎረሰ ደግሞ «አንድ ያጣላል» ይመጣል።

በዓል ልብን እንደሚፈትን በእኛ አገር ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት በስዊድን የ16 ዓመት የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ምት ማቆም አደጋ የሚያስከትለውን የልብ ደም ሥር መዘጋት፣ በተለምዶ «ሃርት አታክ» የምንለውን፣ ቆጥሮ ነበር። በገና ዋዜማ ከሌላው ቀን 37 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ፤ የበረታውም ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ይበልጥ የተጠቁት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑትና ስኳር ወይም የቆየ የልብ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ልክ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ከተሰበሰበ በኋላ ማለት ነው።

ስለዚህ ወሰንኩ፦ አባዬ አይሄድም። ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ልብ ድካም ቶሎ የሚያገረሽባቸው ናቸው፣ ልመናም ቁጣም አይለውጠኝም።

እምዬ ጋ የደወልኩት ከስቅለት አምስት ቀን በፊት ነው። «እምዬ፣ ዘንድሮ በዓሉን እቤታችን ነን፣ አባዬ አይመጣም» አልኩ። ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ «ደበቃችሁኝ?» አሉ። መጀመሪያ አልገባኝም። «ልጄ ሞቷል እንዴ? ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።»

እናንተዬ! ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ልብ ተምሬ ይህን አላሰብኩትም። መርዶ በዘዴ በሚነገርበት አገር ለአንዲት እናት «ልጅሽ ለፋሲካ አይመጣም» ማለት ምን እንደሚያሰማት። ሮጬ ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። ድምፁን ሰምተውም አላመኑም፤ የአጎቴ ልጅ ቪዲዮ ከፍታ ፊቱን ካሳየቻቸው በኋላ ነው ያለቀሱት። ስለዚህ ቤተሰቦች፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ የሚቀረው ሰው ራሱ ይደውል፣ ፊቱም ይታይ። ቀድሞ ይደወል፤ በዋዜማው የተነገረ መቅረት ሰበብ ወይ መርዶ ይመስላል።

አጎቴ ግን ተቆጣ። «ሐኪም ያስተማርንሽ ወንድማችንን እንድትቀሚን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን ያገኘሁትን ዘዴ ለናንተም ልስጣችሁ፦ ጥፋቱን በሐኪሙ ላይ ጣሉት። «ሐኪሙ ከልክሎኛል» በሉ። እኛ እንችለዋለን፣ ደመወዝ የሚከፈለን ለዚህም ጭምር ነው። ታማሚው «እኔ ነኝ ያልፈለግኩት» ብሎ ከዘመድ እንዳይቀያየም።

እማዬ ለወጡ ስትል ጨው የሌለበት በርበሬ ለብቻው አዘጋጀች፤ ዛላው ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ደርቆ። ሽንኩርቱን ከሌላው ጊዜ በላይ አቁላላችው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ በዛ አደረገችበት፤ ቂቤውን ቀነሰች። ሲወጣ ቀምሳ ፊቷን አዞረች። አባዬ ሌሊት ላይ ፈሰከ። «እንዴት ነው?» ስንለው ትንሽ አሰብ አድርጎ «ሽንኩርቱ በደንብ በስሏል» አለ። (በነገራችን ላይ በአንዳንድ ሱፐርማርኬት «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ነው። እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ወይም ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ያለ ሐኪም ምክር እንዳይነካው። በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል።)

እስከዚህ ያለውን በደንብ ሠርቻለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ጠዋት ሚዛን፣ ግፊት፣ መድኃኒት፣ የሚጠጣው በብርጭቆ ተለክቶ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ግፊቱን ልለካ ስሄድ ጋቢውን ለብሶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ከጎረቤት ሳቅና ሙዚቃ ይሰማል። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል። እጁን ለመለኪያው ዘረጋልኝና «ልጄ፣ እኔ የታመምኩት ልቤን ነው፤ አንቺ ቤቱን ሆስፒታል አደረግሽው» አለ።

ልክ ነበር። ጨዉን አንስቻለሁ፣ መንገዱን አንስቻለሁ፣ ጠላውን አንስቻለሁ፣ ሠላሳ ሰውም አንስቻለሁ። በምትኩ ያስቀመጥኩት ነገር የለም። ብቸኝነት ራሱ ልብን እንደሚጎዳ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ፤ እቤቴ ግን ረሳሁት።

መለኪያውን አስቀመጥኩ። እማዬ ቄጠማውን ጎዝጉዛ ቡና አቀረበች፣ በሩ ተከፈተ፣ ጎረቤቶቻችን ባልና ሚስቱ መጡ። አባዬ አንድ ሲኒ ጠጣ። ደብረ ብርሃን ደወልንና ስልኩን እዚያ ማዕዱ አጠገብ በዳቦው አስደግፈው አቆሙት፤ ሁሉም እየመጣ ፊቱን ያሳያል፣ ሕፃናቱ ካሜራውን ይልሳሉ። ጨዋታው ሞቅ ብሎ ሳለ እምዬ ጭልፋ እንደያዙ ወደ ስልኩ መጡና «ፈረሰኛውን ለማን ልስጠው?» አሉ።

ሁሉም ዝም አለ። አባዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ለወንድሜ ስጪው» አለ። አጎቴ «እኔ የሰው ድርሻ አልበላም» እያለ አስቸገረ፣ በግድ በላ። የዚያን ዕለት አባዬ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግቡ አላነሳም።

በዳግማይ ትንሣኤ አጎቴ ራሱ መጣ፣ ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዞ፣ ፊቱን ቋጥሮ። ተቀምጦ «እስቲ የምታሰቃዪበትን ዕቃ አሳዪኝ» አለ። ለካሁት፦ 186 በ112። አሳርፌ ደገምኩት፣ ያው ነው። ለካስ የግፊት መድኃኒቱን ሁዳዴ ሲገባ ጀምሮ ትቶታል፤ «ጾም ስለሆነ»። ከ55 ቀን በላይ! የአባዬን ታሪክ ከመጀመሪያው እንደገና የማየው መሰለኝ። በማግስቱ ክትትል ወደሚያደርግበት ጤና ተቋም ሄዶ ጀመረ። ያን ዳቦ ባያመጣ ኖሮ መቼ ይታወቅ እንደነበር እንጃ። (ጾም ላይ ያላችሁ ታካሚዎች፣ መድኃኒት ከማቆማችሁ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። የአባዬ የንስሐ አባት «ልጄ፣ መጀመሪያ ዳን» ነው ያሉት።)

ታዲያ ማን ይቅር? ልብ ወይም ኩላሊት ድካም ኖሮት ሰሞኑን ከሆስፒታል የወጣ፣ ዲያሊሲስ ላይ ያለና ቀጠሮው በዓሉ ላይ የሚውል፣ የካንሰር ኬሞቴራፒ ላይ ሆኖ የመከላከል አቅሙ የወረደ። የሳንባ ቲቢ ሕክምና ከጀመረ ሁለት ሳምንት ያልሞላው፤ ይህ ለራሱ ሳይሆን ለማዕዱ ሲባል ነው። ሕፃናትን በተመለከተ ጠንከር እላለሁ፦ የፔንታ ክትባት የሚጀምረው በ6 ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለ ሕፃን እያሳለ በሚስመው ሠላሳ ሰው መሃል ምን ይሠራል? ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ በዓልም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሕክምና።

ሌላም አለ፣ በሚዛን የማይለካ። መጠጥ ካቆመ ገና ሦስት ወሩ የሆነ ልጅ ጠላ ጠመቃ ያለበት ቤት ባይሄድ አልፈርድበትም። ፅንስ የወረደባት ሴት «ዘንድሮም ባዶሽን መጣሽ?» የሚሏት አክስት ጋ ባትሄድ እሰየው እላለሁ። እነዚህም ሕመምተኞች ናቸው፤ ወረቀታቸው ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ነው።

ግን ሁሉም ይቅር አልልም። ብቻውን የሚኖር፣ ሰሞኑን እንቅልፍና ምግብ የጠላው፣ ስልክ የማያነሳ ሰው «በዓሉን እቤቴ ነኝ» ካላችሁ አትቀበሉት። እሱን ሄዳችሁ አምጡት፣ ካልመጣም ማዕዱን ይዛችሁ ሂዱ።

የልብ ድካም ታካሚ ያላችሁ ደግሞ፣ እቤት ብትውሉም ብትሄዱም፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት መዝኑት። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ያ ውሃ ነው፤ ሐኪሙ ጋ ደውሉ። ትራስ መጨመር ከጀመረ፣ እግሩ ካበጠ፣ ሌሊት ታፍኖ ከተነሳ «በዓሉ ይለፍ» አትበሉ።

ለ2018 ገና ደብረ ብርሃን ሄድን። አባዬ ያኔ በአንድ ትራስ ይተኛ ነበር። በግል መኪና፣ በየመሃሉ እየቆምን፣ መድኃኒቱን ስንደርስ ውጦ። እምዬ ለእሱ ትንሽ ድስት ለብቻ ጥደው ጠበቁን፤ ፈረሰኛዋ እዚያች ድስት ውስጥ ነበረች።

አሁን በየጠዋቱ ከሚዛኑ ላይ እንደወረደ ይደውልላቸዋል። ኪሎው ስንት እንደሆነ አይጠይቁትም፣ ቁጥሩ ምናቸውም አይደለም።

«ጨመረ?»

«አልጨመረም እማዬ።»

«በል ቁርስህን ብላ» ብለው ይዘጉታል።